ሪፖው ሌላ፣ ክላስተሩ ሌላ እንዳይሆን

አንድን የኩበርኔቲስ ክላስተር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር (ከነሚያስፈልጋቸው ነገር በታሸጉ ጥቅሎች) የሚያስኬድ የሰርቨሮች ስብስብ፣ ከሌላ ሰው የተረከበ ባለሙያ ውስጡ ምን እንዳለ በጥቂት ትዕዛዞች ዘርዝሮ ማየት ይችላል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ክላስተሩ አይነግረውም። የክፍያ አገልግሎቱ የሜሞሪ ጣሪያ 512 ሜጋባይት የሆነው ተለክቶ ነው ወይስ ከሌላ ፋይል ላይ ተገልብጦ? ያ ፖርት ሆን ተብሎ የተከፈተ ነው ወይስ ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ? ኩበርኔቲስ የክስተት መዝገቡን፣ ማንም ካልቀየረው በቀር፣ የሚያቆየው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። የአንድ ዲፕሎይመንት (አንድ ፕሮግራም በስንት ቅጂና እንዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ጽሑፍ) ታሪክም በተለመደው አሠራር ያለፉትን 10 እትሞች ብቻ ይይዛል፤ የሚይዘውም የፖዱን (ኮንቴይነሮቹ የሚሄዱበትን ትንሹን አሃድ) አብነት እንጂ የለወጠውን ሰው ስምና የለወጠበትን ምክንያት አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ኮንፊገሬሽንን በጊት፣ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም፣ ስለመያዝ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መሣሪያ ስለመምረጥ እያወራ ይህንን የ«ለምን» ጥያቄ አልፎት ስለሚሄድ ነው።

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው የሊኑክስ ከርነልን ኮድ ለመያዝ ነበር፤ ጉግል ኩበርኔቲስን ለሕዝብ ይፋ ያደረገው ደግሞ በ2014 ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ኩበርኔቲስ የተሠራበት መንገድ ነው። ተጠቃሚው ደረጃ በደረጃ ትዕዛዝ አይሰጥም፤ የሚፈልገውን ሁኔታ በጽሑፍ ያስታውቃል። «የዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ ይኑር» ብሎ ከጻፈ ሦስቱን ማስነሳት፣ አንዱ ሲወድቅም መተካት የተቆጣጣሪው ፕሮግራም ሥራ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደማንኛውም ኮድ በጊት ሊያዝ ይችላል፤ ዊቭወርክስ የተባለው ኩባንያ በ2017 ጊትኦፕስ የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ከዚሁ ተነስቶ ነው። ኩባንያው በ2024 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል፤ የጀመረው ፍላክስ፣ በጊት የተያዘውን እያነበበ ክላስተሩን ከእርሱ ጋር የሚያስማማው ፕሮግራም፣ ግን በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ቀጥሏል። አርጎ ሲዲም በዚያው ፋውንዴሽን ሥር ያለ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው።

ያምል ፋይሎችን (ይህ ሁሉ የሚጻፍባቸውን) ሰብስቦ ሪፖ፣ ማለትም የጊት ማከማቻ፣ ውስጥ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ድካሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሪፖው የሚለውና ክላስተሩ ውስጥ ያለው ከተለያዩ ሪፖው ጭራሽ ባይኖር ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሪፖ የሌለው ቡድን ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቃል፤ ሲነካም ተጠንቅቆ ይነካል። ያረጀ ሪፖ ያለው ቡድን ግን በፋይሉ ተማምኖ አንድ ትንሽ ለውጥ ይልክና ከወራት በፊት በሌሊት በእጅ የተስተካከለውን ነገር ሳያውቅ ያፈርሰዋል።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሌሊት አንድ አገልግሎት ወደቀ እንበል። ተረኛው መሐንዲስ በኩብሲቲኤል (በኩበርኔቲስ የትዕዛዝ መሣሪያ) ኤዲት ዲፕሎይመንቱን ከፍቶ ሁለት ነገር ይለውጣል፤ የሜሞሪ ጣሪያውን ከ512 ሜጋባይት ወደ 1 ጊጋባይት ያሳድጋል፤ የዳታቤዝ ግንኙነቱ ቶሎ እንዳይቋረጥ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ አንድ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው እሴት፣ ይጨምራል። አገልግሎቱ ይነሳል፣ ተረኛውም ይተኛል። በሳምንቱ ሌላ ሰው የኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የታሸገ ፕሮግራም) እትም ብቻ ለውጦ ፋይሉን በአፕላይ፣ ፋይልን ወደ ክላስተሩ በሚያስገባው ትዕዛዝ፣ ይልካል። የሜሞሪ ጣሪያው ወደ 512 ይመለሳል፤ ፋይሉ እንደዚያ ይላልና። ቫሪያብሉ ግን ባለበት ይቀራል። የተለመደው አፕላይ የሚያነጻጽረው ሦስት ነገሮችን ነው፦ አሁን የተላከውን ፋይል፣ ክላስተሩ ውስጥ ያለውን፣ እንዲሁም ባለፈው ጊዜ የተላከውን፤ ይህ የመጨረሻው እዚያው ዲፕሎይመንቱ ላይ በማስታወሻ መልክ ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ መስመር የሚሰረዘው ባለፈው ፋይል ውስጥ ኖሮ ከአዲሱ ሲወጣ ነው። በየትኛውም ፋይል ውስጥ ኖሮ የማያውቅ መስመር ሲያጋጥመው አፕላይ ባለቤቱ ሌላ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ የዚያ ሌሊት ጥገና ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቀርቷል፤ ሪፖውን የሚያነብ ሰው ሁለቱንም አያውቅም። አርጎ ሲዲም እንዲህ ያለውን ጭማሪ ብዙ ጊዜ ልዩነት አድርጎ ስለማይቆጥረው አረንጓዴ ምልክቱ እንደበራ ይቀጥላል። እያንዳንዱን መስመር የትኛው ፕሮግራም በስንት ሰዓት እንደጻፈው ክላስተሩ ውስጥ የሚገኘው የባለቤትነት መዝገብ ያሳያል፤ ከ1.22 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ የተረጋጋ የሆነው በሰርቨር በኩል የሚፈጸም አፕላይም በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ይሠራል። ይሁንና መዝገቡ ላይ የሚገኘው የፕሮግራሙ ስም ነው፤ የሰውየው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። በፕሮዳክሽን ክላስተር ላይ ሰው በየዕለቱ የሚጠቀምበት አካውንት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ የመጻፍ ፈቃዱ ከሪፖው ለሚስበው ፕሮግራም ይሰጥ። ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን አካውንት ለብቻው ይቀመጥ፤ ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥርም ለመላው ቡድን መልእክት ይድረስ፤ በማግስቱ ያንኑ ለውጥ በፑል ሪኩዌስት (ሌላ ሰው አይቶ በሚያጸድቀው የለውጥ ጥያቄ) ወደ ሪፖው ማስገባት የተረኛው ግዴታ ይሁን። ይህ ቢሮክራሲ ነው የሚሉ አሉ። እስኪለመድ ድረስ ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሌሊት በእጅ የተሠራን ነገር ከወራት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከዚህ በብዙ ይብሳል።

እስካሁን ሪፖ ያልነበራቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምሩት ክላስተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ በያምል አውጥተው ኮሚት በማድረግ፣ ማለትም ጊት ውስጥ በመመዝገብ፣ ነው። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የሚወጣው ፋይል ውስጥ ሰው የጻፈውና ክላስተሩ ራሱ የሞላው ተደባልቆ ይመጣል፦ መለያ ቁጥሩ፣ የተፈጠረበት ሰዓት፣ የሪሶርስ እትሙ፣ የሁኔታ ክፍሉ በሙሉ፣ ለሰርቪሱ የታደለው አይፒ፣ ማንም ያልጻፋቸው ነባሪ እሴቶች። ሃያ መስመር የነበረ ዲፕሎይመንት ከመቶ መስመር በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዲፕሎይመንቱ ራሱ የሚፈጥራቸው ሬፕሊካሴቶችና ፖዶችም ባልተፈለጉበት አብረው ይወጣሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሪፖው ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ሰው አስቦ የወሰነው ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው በአንድ ጊዜ አንድ ኔምስፔስ (የክላስተሩን አንድ ክፍልፍል) ይዞ ፋይሎቹን ማጽዳት፣ ከዚያም በኩብሲቲኤል ዲፍ ከክላስተሩ ጋር እያስተያዩ ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ ማስተካከል ነው። ይህ ትዕዛዝ ልዩነት ከሌለ 0፣ ካለ 1 መልሶ ስለሚወጣ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሄድ ማድረግና 1 በመለሰ ቁጥር ማስጠንቀቂያ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። አርጎ ሲዲንም ሆነ ፍላክስን ገና ያልተከለ ትንሽ ቡድን በዚህ ብቻ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ከክላስተር የወጣ ፋይል ሌላም ነገር ይጎድለዋል፤ አስተያየት የሚባለው፣ በያምል ውስጥ ከፓውንድ ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው ማብራሪያ፣ ክላስተሩ ሲቀበለው ይጠፋል። «ለምን» የሚለው መልስ ሊኖር የሚችለው ሪፖው ውስጥ ብቻ ነው የምለውም ለዚህ ነው። በሰዓት የሚነሳ ሥራ፣ ማለትም ክሮንጆብ፣ ይህን በደንብ ያሳያል። አለቃው «ባክአፑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይሂድ» ይላል። ክሮንጆብ የሚሠራው የሰዓት ክልል ካልተነገረው በቀር በተቆጣጣሪው ፕሮግራም ሰዓት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ክላስተር ዩቲሲ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ነው። ስለዚህ የሰዓቱ ቦታ ላይ 23 ተብሎ መጻፍ አለበት። የተባለውን እንደወረደ 8 ብሎ የጻፈ ሰው ባክአፑን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት ያስኬደዋል፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ 2 ብሎ የጻፈው ደግሞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ከ1.27 እትም ጀምሮ የሰዓት ክልልን ለይቶ መጻፊያው መስክ የተረጋጋ ስለሆነ የአዲስ አበባን ሰዓት ሰጥቶ 2 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ይህን ነው። ያም ሆኖ ከመስመሩ በላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት በአዲስ አበባ፤ ሒሳብ ክፍሉ የዕለቱን ከዘጋ በኋላ» የሚል አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቢታከል ቀጣዩ ሰው ሰዓቱን ሊያሻሽል ሲያስብ መጀመሪያ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። የኮሚት መልእክትም ቢሆን በአማርኛ ቢጻፍ ጊት ምንም አይለውም። ቡድኑ በአማርኛ ተከራክሮ የወሰነውን ነገር በሁለት ቃል በተሰባበረ እንግሊዝኛ መመዝገብ ለምን እንደተለመደ አይገባኝም።

አርጎ ሲዲን የተከሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር ቢኖር ፕሮግራሙ በራሱ ምን ያህል ጥቂት እንደሚያደርግ ነው። ሪፖውን እስከ 3 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ እየተመለሰ ያያል፤ ልዩነት ካገኘ ያሳውቃል። ያገኘውን ልዩነት ወደ ክላስተሩ በራሱ እንዲያስገባ፣ በእጅ የተለወጠውን እንዲመልስ፣ ከሪፖው የወጣውንም ከክላስተሩ እንዲሰርዝ ማድረግ ሦስት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው፤ ሦስቱም ካልተመረጡ ጠፍተው ነው የሚቆዩት። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ማብራት አደገኛ ነው። በተለይ ስረዛው፤ አንድ ሰው ፎልደር ሲያዘዋውር ወይም ስም ሲቀይር ሪፖው ላይ «ጠፋ» የሚመስለው ነገር ክላስተሩ ውስጥ በእርግጥ ይሰረዛል። ኔምስፔሶችንና የዳታ መያዣ ጥያቄዎችን (ፕሮግራሞች ቋሚ የዲስክ ቦታ የሚጠይቁባቸውን) ከስረዛ ነጻ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ ስረዛው ከመብራቱ በፊት እነዚህ ላይ ሊለጠፍ ይገባል።

ሁሉ ነገር ግን ሪፖው ውስጥ መወሰን የለበትም። የፖዶችን ቁጥር እንደ ጭነቱ የሚያሳድግና የሚቀንስ ተቆጣጣሪ ባለበት ቦታ ዲፕሎይመንቱ ፋይል ውስጥ የቅጂ ቁጥር ከተጻፈ ሁለቱ ሲጣሉ ይኖራሉ፤ ተቆጣጣሪው ወደ ዘጠኝ ያሳድጋል፣ ሪፖው ወደ ሦስት ይመልሳል። መፍትሔው መስመሩን ከፋይሉ ማውጣት ነው።

ኮንፊግማፕም፣ ማለትም የፕሮግራሙ ቅንብር ለብቻው የሚቀመጥበት ነገር፣ የራሱ ጣጣ አለው። ይዘቱ ሪፖው ላይ ተለውጦ ክላስተሩ ውስጥ ቢገባም በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሚያነቡት ፖዶች እንደገና ካልተነሱ አሮጌውን ይዘው ይቀጥላሉ። ከ2019 ጀምሮ ከኩብሲቲኤል ጋር አብሮ የሚመጣው ከስተማይዝ የተባለ የያምል ማዘጋጃ መሣሪያ በኮንፊግማፑ ስም መጨረሻ ላይ ከይዘቱ የተሰላ ምልክት ስለሚጨምር ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል፣ ስሙን የሚጠቅሰው ዲፕሎይመንትም ይለወጣል፣ ፖዶቹም በሥርዓቱ ይተካሉ። ኮሚቱ ሲመለስም ሁሉም አብሮ ይመለሳል።

የኢሜጅ እትም ላይ «ሌተስት» (የቅርቡ) ብሎ መጻፍ የዚህን ሁሉ ሥራ ዋጋ ያሳጣል። ፋይሉ አይለወጥም፣ የሚሄደው ፕሮግራም ግን ይለወጣል፤ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ የሚያነብ ሰው ያን ቀን የትኛው ኮድ ይሠራ እንደነበር ሊያውቅ አይችልም። በአገራችን ሁኔታ ሌላ ጉዳትም ያስከትላል። እትሙ ሌተስት ሲሆን ወይም ሲተው ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሩን ባስነሳ ቁጥር ሬጂስትሪውን፣ ማለትም የኢሜጆቹን ማከማቻ፣ እንዲጠይቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክላስተሩ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ያለ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ኢሜጁ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሬጂስትሪ ላይ ከሆነ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓት የወደቀ ኮንቴይነር ኢሜጁ እዚያው ዲስክ ላይ እያለ እንኳ አይነሳም። እትሙ በቁጥር ሲጻፍ ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ይዞ ይነሳል። ከሪፖ የመሳብ አሠራርም ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ይመቻል፤ ፕሮግራሙ ክላስተሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚጠይቅ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈት ፖርትም ሆነ ለብቻ የተገዛ አይፒ አያስፈልግም፤ መስመሩ ሲቋረጥም የሚሄደው አገልግሎት ይቀጥላል፣ አዲሱ ለውጥ ብቻ መስመሩ እስኪመለስ ይጠብቃል።

የይለፍ ቃላት ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ኩበርኔቲስ ሲክሬት የሚለው ነገር በስሙ ያታልላል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው እሴት በቤዝ64 የተጻፈ ነው፤ ቤዝ64 ደግሞ ቁልፍ የሌለው የአጻጻፍ ስልት ስለሆነ መፍታቱ የተገለበጠ ጽሑፍን በመስታወት እንደማንበብ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ሪፖ ውስጥ ያስገባ ሰው የዳታቤዙን ይለፍ ቃል በግልጽ ጽፎ አስቀምጧል። በማግስቱ ፋይሉን መሰረዙም አይረዳውም፤ ጊት ታሪክን ስለሚይዝ የቀደመው ኮሚት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል፤ ሪፖውን ቀድሞ የገለበጠ ሰው ሁሉ እጅ ላይም አለ። ታሪኩን ከማጽዳት በፊት መደረግ ያለበት ይለፍ ቃሉን ራሱን መቀየር ነው።

ከተለመዱት መውጫዎች አንዱ በሞዚላ የተጀመረው ሶፕስ ነው። የመስኮቹን ስም በግልጽ ትቶ እሴቶቹን ብቻ ያመሰጥራል፤ በዚህም ምክንያት ፑል ሪኩዌስቱን የሚያይ ሰው የትኛው ይለፍ ቃል እንደተለወጠ ያያል፣ ምን እንደሆነ ግን አያይም። ሌላው ሲልድ ሲክሬትስ ነው፤ ማንም ሰው ለሁሉም ክፍት በሆነ የአደባባይ ቁልፍ ያሽጋል፣ መክፈት የሚችለው ግን ክላስተሩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። የታሸገው በተለመደው አሠራር ከስሙና ከኔምስፔሱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሌላ ቦታ ወስዶ መክፈት አይቻልም። ለትንሽ ቡድን እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ፤ ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ መጠበቅ ያለበት የምስጢር ቁልፍ ስለማይኖር። አንድ ነገር ግን በብርቱ ይጠይቃል። የምስጢር ቁልፉ ያለው ክላስተሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ክላስተሩ ከጠፋ ሪፖው ውስጥ ያለው የታሸገ ፋይል ሁሉ የማይከፈት ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ተቆጣጣሪው በየ30 ቀኑ አዲስ ቁልፍ ስለሚፈጥርና አሮጌዎቹንም ስለሚያቆይ፣ አንድ ጊዜ ተቀድቶ የተቀመጠ ቁልፍ ከወር በኋላ የታሸጉትን አይከፍትም። ቁልፎቹ በየወሩ እየወጡ ከሪፖውም ከክላስተሩም ውጭ በሆነ ቦታ፣ ተመስጥረው ሊቀመጡ ይገባል።

ሪፖ መያዝ ጥቅሙ ፈጥኖ የሚታየው እትም ማሳደግ ሲመጣ ነው። ኩበርኔቲስ አሮጌ የኤፒአይ እትሞችን (ፋይሎቹ የሚጻፉባቸውን ቅርጾች) እያነሳ ይሄዳል፤ 1.16 የቀድሞዎቹን የዲፕሎይመንት እትሞች፣ 1.22 የኢንግረስን (ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ ወደ አገልግሎቶቹ የሚመራውን) ቤታ እትሞች፣ 1.25 ደግሞ ፖድ ሴኩሪቲ ፖሊሲን (የፖዶችን የደኅንነት ገደብ የሚወስነውን) ጨርሶ አስወግደዋል። ፋይሎቹ በአንድ ቦታ ካሉ የትኞቹ እንደሚነኩ በአንድ ፍለጋ ይታወቃል። ሔልምን፣ ያምልን ከአብነት የሚያወጣውን መሣሪያ፣ የሚጠቀም ሰው ግን መፈለግ ያለበት አብነቱን ብቻ ሳይሆን አብነቱ ተሞልቶ የሚወጣውን ያምል ነው፤ የኤፒአይ እትሙ ራሱ በአብነቱ ውስጥ በሁኔታ የተጻፈ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻ የማነሳው ሪፖው የማይዘውን ነው። በቮልዩም (በቋሚ ማከማቻ) ላይ ያለው የደንበኛ ዳታ ጊት ውስጥ የለም፤ ለእርሱ የራሱ ባክአፕ ያስፈልጋል። የክላስተሩ የራሱ ዳታቤዝ የሆነው ኢቲሲዲም እንዲሁ። አሠራሩ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ የማውቀው መንገድ ባዶ ክላስተር አስነስቶ ከሪፖው ብቻ ለማቆም መሞከር ነው፦ ኔምስፔሶቹ፣ ከዚያ የማሸጊያ ቁልፎቹ፣ ከዚያ አርጎ ሲዲ፣ ከዚያ ዳታው ከባክአፕ፣ ከዚያ አገልግሎቶቹ። እንዲህ ባለ ልምምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጎድለው የሚገኙት ትልልቆቹ ነገሮች አይደሉም፤ አንድ ሰው ከፖርታል ላይ በማውስ የፈጠረው የዲኤንኤስ መዝገብ፣ ከሬጂስትሪው ኢሜጅ ለመሳብ የሚያገለግለው ይለፍ ቃል፣ አርጎ ሲዲ ራሱ የተተከለበት የሔልም እሴት ፋይል ናቸው። የጎደለው ሁሉ በዚያው ዕለት በፑል ሪኩዌስት ይግባ፤ ይለፍ ቃሉ ታሽጎ፣ የዲኤንኤስ መዝገቡ ደግሞ መሠረተ ልማትን በጽሑፍ በሚያስታውቀው በቴራፎርም ወይም በሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ተጽፎ።